በአፍ የሚመታው ከበሮ

የእናቴ ታናሽ እህት፣ ቆቦ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «እታለም» የሚላት አክስቴ፣ ከበሮ መንካት ካቆመች ሦስት ዓመት አልፏታል። ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። ወሬው የሚጀምረው ግን ከእሷ ሳይሆን ከአንድ ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ነውና አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ።

በ1964 ዓ.ም. ወልድያ ተማሪ ነበርኩ። ቆቦና ወልድያ የሚራራቁት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ ለእኛ ለተማሪዎች ወልድያ ሌላ አገር ነበር። ከሁለት የቆቦ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት በጭነት መኪና የሚላክልንን ስንቅ እየጠበቅን እንማራለን። ስንቁ የዘገየ ሳምንት ቆሎ ነው።

በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ሳያስታውስ አይቀርም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ህንድን ሲጎበኙ፣ ኬራላ ውስጥ ሕፃናት በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲጎርፉ አይተው ተደነቁና «አስተማሪ ከዚህ አገር ይምጣልኝ» አሉ እየተባለ ይነገራል። ወሬው እንደሆነም ይሁን ተጋኖ የደረሰን፣ ከደቡብ ህንድ የመጡ ብዙ አስተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ማስተማራቸውን ግን በዓይናችን አይተናል። የኛው ታንጆር ከምትባል ከተማ የመጣ ታሚል ነበር። ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አማርኛው ከገበያ የማያልፍ ሰው።

አንድ አመል ነበረው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ እኛ ስንሠራ፣ እሱ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ በቀኝ መዳፉ ጭኑን መታ ያደርግና ትንሿን ጣቱን፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቱን፣ ቀጥሎ መሀለኛውን በአውራ ጣቱ ይነካል። ከዚያ መዳፉን ጭኑ ላይ ያሳርፍና ይገለብጠዋል፤ እንደገና ያሳርፍና ይገለብጠዋል። ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከንፈሩ አያርፍም። «ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ካ ጆ ኑ…» እኛ ድግምት መሰለን። ስሙን «ደጋሚው» አልነው። ልጅነት ክፉ ነው።

አንድ ቀን ጥያቄውን ቀድሜ ጨረስኩና ሳላውቀው ጠረጴዛዬን በጣቶቼ መምታት ጀመርኩ። የምመታው የሶለልን አመታት ነበር፤ በአፌም «ድም ተ ካ፣ ድም ተ ካ» እያልኩ። ቀና ስል ደጋሚው አጠገቤ ቆሟል። ዱላ እየጠበቅኩ እጄን ሰበሰብኩ።

«ማን አስተማረሽ?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«አክስቴ።»

«በከበሮ?»

«አይ ቲቸር፣ በአፏ።»

እስከ ዛሬ ያ ፊት ከዓይኔ አይጠፋም። ከቤቱ ርቆ ለዓመታት የቆየ ሰው ድንገት የሰፈሩን ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኝ እንደሚሆነው ነው የሆነው። «እንደገና በይው» አለኝ። የክፍሉ ልጆች ሳቁ፤ እኔ ግን ደገምኩት።

ስለ ሶለል ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በኛ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ተኳኩለውና ተሠርተው፣ ረጅሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። የዞብል ተራራ ከምሥራቅ፣ ማሽላው በየማሳው፣ ጎርፉ በየቦዩ፤ ቆላው ሁሉ አረንጓዴ የሚሆንበት ወቅት ነው። በዚያ ሁሉ ውስጥ ከበሮ መቺዋ ከሌለች ልጃገረዶቹ የሚሄዱ እንጂ የሚጨፍሩ አይመስሉም። በኛ ሰፈር መቺዋ እታለም ነበረች። ከተዳረች በኋላም ልጆቹን የምታለማምደው እሷው ናት።

ከበሮዋን ልጅ አይነካትም። ከሰፊው ፊት ወደ ጠባቡ የተወጠረው ጠፍር ከላላ የሚጠግነው ሰው ሩቅ ነበርና ትሳሳለታለች። ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀመረው በአፍ ነው። ሰፊው ፊት «ድም» ነው፤ ጠባቡ «ተክ»፣ ሲፈጥን ደግሞ «ተ ካ»። እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ፣ አፍ እየመታ እጅ ይከተላል። «እጅሽ ይዋሻል፣ ምላስሽ አይዋሽም» ትለን ነበር። ስንሳሳት በእጃችን ሳይሆን በአፋችን ነበር የምታውቀው።

እኔ ይህን የድሃ ልጅ ዘዴ አድርጌ ነበር የማስበው። ከበሮ ቢኖር ኖሮ ማን በአፉ ይለፋል? ደጋሚው ነው ሌላ ነገር ያሳየኝ።

የደቡብ ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ካርናቲክ ይባላል። ዋናው ከበሮው ምሪዳንጋም ነው፤ እንደኛው ሁለት ፊት አለው፣ ቁጭ ብለው ጭን ላይ አጋድመው በሁለት እጅ ይመቱታል። በዚያ አገር የምሪዳንጋም ተማሪ እያንዳንዱን አመታት በቃል ማለት አለበት። ለየምቱ የተሰጠ ድምፅ አለው፤ እነዚያ ድምፆች ሶልካቱ ይባላሉ። በአፍ ማለቱ ራሱ አድጎ ጥበብ ሆኖ ደግሞ ኮናኮል ተብሏል። ኮናኮል የሚል ሰው ያለምንም መሣሪያ መድረክ ላይ ከሙዚቀኞቹ ጋር ይቀመጣል፤ ከበሮው ሲመታ እሱ በአፉ ይመልሳል፣ ይጠይቃል፣ ይፎካከራል። ባራታናቲያም የሚባለውን ውዝዋዜ የሚመራው መምህርም በእጁ ትንንሽ ጸናጽል እያጋጨ በአፉ ምቱን ይጠራል፤ ተወዛዋዧ በእግሯ ትከተላለች። አስተማሪያችን በልጅነቱ ጥቂት ዓመት ምሪዳንጋም ተምሮ ኖሯል። አባቱ ሒሳብ እንዲማር አስገደዱትና ተወው። ወልድያ ድረስ ይዞት የመጣው እንግዲህ አፉንና ጭኑን ብቻ ነው።

ያ ጭኑን የሚመታበት ነገር ድግምት አልነበረም። አዲ ታላ የሚባለው ስምንት ምት ያለው ዙር ነው። መዳፍና ሦስት ጣቶች አራት፤ ማሳረፍና መገልበጥ ሁለት ጊዜ አራት፤ በድምሩ ስምንት። እጅ ዙሩን ይጠብቃል፣ አፍ በዙሩ ላይ እንደልቡ ይጫወታል። ድምፆቹ በቁጥር የተቧደኑ ናቸው፤ «ታ ካ» ሁለት፣ «ታ ኪ ታ» ሦስት፣ «ታ ካ ዲ ሚ» አራት፣ «ታ ዲ ጊ ና ቶም» አምስት። ሰባትና ዘጠኝ ከእነዚህ ተገጣጥመው ይሠራሉ።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ለመጻፍ እንደኛ ፊደል የሚመች የለም። በእንግሊዝኛ ስምንት ሆሄ የሚፈጀው «ታ ካ ዲ ሚ» በአማርኛ አራት ፊደል ነው፤ አንዱ ፊደል አንድ ምት። የግጥም መምህራን «ቀለም» እያሉ የሚቆጥሩት ይኸው ነው። «ቶም» ላይ ያለችው ሳድስ ብቻ ከፊቷ ካለው ተጠግታ ታልፋለች።

ክፍሉ ግን «ታ ካ ዲ ሚ» ሲባል በሳቅ ይፈርሳል። እሱም ብልህ ነበርና ሌላ መላ ፈለገ። «እሺ፣ ከአገራችሁ ቃል አምጡ» አለን። አንዱ ልጅ ለቀልድ «ቆቦ!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው በእጁ መታና «ሁለት» አለ። «ወልድያ» ሦስት ሆነ። «አላማጣ» አራት። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ መንገዱን እንዳለ። «ቆቦ ወልድያ» አምስት። «ወልድያ አላማጣ» ሰባት። ከሰሜን ወደ ደቡብ በመኪና እንደሚመጣ ሰው «አላማጣ ቆቦ ወልድያ» ዘጠኝ!

በኋላ እንደገባኝ ይህ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በካርናቲክ ሙዚቃ አምስቱ ሁለትና ሦስት፣ ሰባቱ ሦስትና አራት ሆነው የሚመቱባቸው የታወቁ ዙሮች አሉ። የኛ የጭነት መኪና መንገድ ልክ በዚያው ቅደም ተከተል ተደርድሮ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። ስሞቹን ዛሬ ቀስ ብላችሁ በጭናችሁ እየመታችሁ ሞክሯቸው፤ ሦስት ጊዜ ሳትሳሳቱ ከደገማችሁ ጎበዝ ናችሁ። ቀጥሎ በእጥፍ ፍጥነት፣ ከዚያ በእጥፉ እጥፍ። በደቡብ ህንድ ተማሪው አንዱን ትምህርት በሦስት ፍጥነት ካላለው አላወቀውም። የኛም ሊቃውንት በማኅሌት ላይ በዝግታው ዝማሜ ጀምረው፣ በመረግድ አልፈው፣ ጭብጨባው በሚፈጥንበት ጽፋት የሚደርሱት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ሒሳቡ ደግሞ እዚህ ገባ። ካርናቲክ ከበሮ መቺ ሲጨርስ አንዱን ሐረግ ሦስት ጊዜ ይደግምና የሚቀጥለው ምት የዙሩ መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ሰሚው «ጠፋ» ሲል እቤቱ ይገባል። «ስምንት ምት ያለው ዙር ሁለት ጊዜ ሲዞር ስንት ነው?» «16።» «አምስት ሦስት ጊዜስ?» «15።» «እንግዲህ አንዱን ምት ዝም በሉ፣ ከዚያ ቆቦ ወልድያ፣ ቆቦ ወልድያ፣ ቆቦ ወልድያ!» እጃችን ጭናችን ላይ፣ ሠላሳ ልጅ ባንድ ድምፅ፤ ሦስተኛው «ያ» እንዳለቀ መዳፋችን አንድ ላይ ጭናችን ላይ አረፈ። የጎረቤት ክፍል አስተማሪ በሩን ከፍቶ ገባ። ክፍልፋይና ብዜትን ከዚያ ቀን በኋላ ፈርቼ አላውቅም።

በ1965 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ዘመዳችን ቆቦ ሲዳር አስተማሪያችንን ጠራነው። ዝናቡ ከድቶ ሰው መጨነቅ የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ድግሱ ትንሽ ነበር። እንግዳውን ዳስ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡት። እታለም ከበሮዋን ስታነሳ እሱ ጭኑን መምታት፣ ጣቱን መቁጠር ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለው «ሰውዬው ዳዊት ይደግማል መሰለኝ፣ አታስቸግሩት» ሲሉ ሰማሁ።

ከአላማጣ ወዲያ የመጡ ዘመዶቻችን ተራቸው ሲደርስ በጓይላ ገቡ። የጓይላ ምት በአምስት ይቆጠራል። አስተማሪያችን ከመቀመጫው ብድግ አለና በሁለት እጁ ወደኔ እያመለከተ «ቆቦ ወልድያ! ቆቦ ወልድያ!» አለ። ሰው ሁሉ የሚሄድበትን አገር የጠራ መስሎት «ነገ መኪና አለ፣ ይቀመጡ» አለው።

እታለም ግን ነገሩ ገብቷታል። ተራዋን ስትይዝ ከበሮውን ጭኗ ላይ አጋደመችና በአፏ ጀመረች፤ «ድም ተ ካ፣ ድም ተ ካ»። እሱ «ታ ኪ ታ፣ ታ ኪ ታ» ብሎ ተቀበለ። ያንኑ ስድስት ምት ሴቶቹ በጭብጨባ ሁለት ቦታ ይከፍሉታል፤ እሷ ደግሞ ሳታስጠነቅቅ ሦስት ቦታ ከፈለችው፣ «ድም ተ፣ ድም ተ፣ ድም ተ»። ባለሙያዎቹ «ችክችካ» የሚሉት የኛ ምት ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይዞ ነው የሚሄደው፤ እጅ ሁለት ሲል ትከሻ ሦስት ይላል። ሰውዬው ሳተ። ያ ሁሉ ዓመት ጭኑን የመታ ሰው አንዲት ምት ቀድሞ ገባ።

«ጌታው፣ ይቸኩላሉ» አለችው።

ተርጎምኩለት። ሳቀና እጆቹን አጣምሮ ሰገደላት። ሁለተኛ ጊዜ አልሳተም፤ ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። ያ የጥር ቀን ለብዙ ጊዜ የመጨረሻው ደስታችን ነበር። የ1965ቱ ረሃብ ወሎን ሲመታ በኛ ሰፈር በዚያ ነሐሴ ሶለል አልተጨፈረም። አስተማሪያችንም ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሄደ፤ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ሁለቱ ጥበቦች ይዛመዳሉ እያልኩ አይደለም። ኮናኮል የተጻፈ ስሌት፣ የመምህራን ሐረግ፣ መድረክና አድማጭ ያለው ትልቅ ትምህርት ነው። የእታለም «ድም ተካ» ስም እንኳ የለውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አፋችን ሲመታ እኛው አንሰማውም። እስክስታ የሚወርድ ጎረምሳ በጥርሱ መሀል «እስ… እስ…» እያለ የሚያወጣው ትንፋሽ ምት ነው። ሁለት ሴቶች ባንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ዘነዘናው እንዳይጋጭ የሚጠብቃቸው «እህ!» የሚለው ትንፋሻቸው ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ማታ መንዙማ ሲሉ ድቤውና ጭብጨባው በግድግዳ በኩል ይገባል፤ እናቴ በዚያው ምት እንዝርቷን ታሾር ነበር። «ችክችካ» የሚለው ስምስ ምንድን ነው? የምቱ ድምፅ እኮ ነው፤ አፍ ያወጣለት ስም። ዛሬ ሰርግ ላይ ኪቦርዱ ውስጥ የተቀዳው ምት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ሲሄድ ስሰማ፣ ማንም ሰው «ይቸኩላሉ» የማይባልበት ዘመን መጣ እላለሁ። ሽማግሌ ሆኜ ይሆናል።

አሁን ወደ እታለም ልመለስ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ እታለም ከጎረቤቶቿ ጋር በእግርም በመኪናም ብላ ደሴ ገባች። ከበሮዋ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለች ቀረች። የደሴ ትምህርት ቤቶች ያን ጊዜ በተፈናቃይ ተሞልተው ነበር፤ እነ እታለም የደረሳቸው አንድ የመማሪያ ክፍል ነው፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ጥግ ተቀምጠው። ነሐሴ 16 መጣ። አብራት የነበረች ጎረቤታችን እንደነገረችኝ፣ የቆቦ ልጃገረዶች በጠዋት ተነስተው ፀጉራቸውን መሥራት ጀመሩና መሀል ላይ አንዷ ስታለቅስ ሁሉም ተቀበሏት። ሣር የለ፣ ከበሮ የለ፣ የሚዞሩበት ቤት የለ። እታለም ምንም አላለችም አሉ። የነጠላዋን ጥለት ቀዳ ለትንሿ ልጅ ወገቧ ላይ አሰረችላትና፣ ሰሌዳው ሥር ተቀምጣ በአፏ መምታት ጀመረች። ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ውሃ ብቻ እየጠጣች። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ከክፍል ክፍል ዞሩ። አንዳንዱ ተፈናቃይ ከራሽኑ ብስኩት ሰጣቸው።

ታኅሣሥ 2014 ላይ ወደ ቆቦ ተመለሰች። ቤቱ ተከፍቶ ነበር፤ ከበሮዋ የለችም። ከበሮውስ ይቅር፤ የመጨረሻ ልጇን መርዶ የሰማችውም በዚያው ሳምንት ነው። እንዴት እንደሞተ እዚህ አልጽፈውም፤ እሷም አትናገረውም። ከል ለበሰች። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 18፣ ጦርነቱ በዚያው በኛ አካባቢ እንደገና ሲጀመር ሁለተኛ ተሰደደች። ከዚያ በኋላ ሰው ከበሮ ገዝቶ አመጣላት፤ አልነካችውም። የሰፈር ልጆች «እታለም አስተምሪን» ብለው መጡ፤ «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች። ሌላ ሰው ደግሞ የለም። እሷ ያስተማረቻቸው ሴቶች ገሚሱ አረብ አገር፣ ገሚሱ አዲስ አበባ ነን። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው።

ሐዘንተኛ ከበሮ አይመታም። ይህን ማንም አይነግራትም፣ እኔም ልነግራት አልደፍርም። ግን አዲስ አበባ ተቀምጬ ሌሊት ሌሊት የማስበው ያንን ሦስት ቦታ የሚከፈለውን ነገር ነበር፤ እኔ እጄ ላይ የለኝም። አምና ሞክሬው ጠፋብኝ።

ባለፈው ጥር፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን፣ የአስራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ከጥቂት ወራት በፊት በስልኳ አንድ ነገር አሳይታኝ ነበር። ሻክቲ የሚባል፣ እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ጆን ማክላፍሊን ከህንድ ሙዚቀኞች ጋር ያቋቋመው ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ሴልቫጋኔሽ የተባለው ከበሮ መቺ፣ አባቱ ቪኩ ቪናያክራም በመጀመሪያው ሻክቲ ውስጥ ጋታም የሚባለውን የሸክላ እንስራ ይመታ የነበረው፣ በአፉ ኮናኮል ይላል። «እማማ፣ ይሄ ሰውዬ በአፉ ራፕ ያደርጋል!» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያለማስጠንቀቂያ ጭኔን መትቼ «ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ካ ጆ ኑ» ብዬ ተቀበልኳት። ያየችኝ አስተያየት! አያቷ ጠንቋይ ሆና የተገኘች ያህል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ «አላማጣ ቆቦ ወልድያ» ሆነ፤ የሶለሉንም የማውቀውን ያህል አሳየኋት።

እታለም ተቀበለችን፣ ሳመችን፣ አለቀሰች፣ ቡና አቀረበች። ልጅቷ ጥግ ላይ ባዶ ጀሪካን አግኝታ ሰው የማይሰማት መስሏት በጣቷ ትመታለች። እኔ ያስተማርኳትን ነው፤ ስህተቱም የኔ ነው። እታለም ጀርባዋን ሰጥታን ቡና ትቆላለች። ሦስት ቦታ የሚከፈለው ላይ ልጅቷ ስትደርስ «ድም» የሚገባበት ላይ «ተክ» አስገባች። የእታለም እጅ ምጣዱ ላይ ቆመ። ልጅቷ ደገመችው፤ አሁንም ተሳሳተች። ቡናው ማረር ጀመረ።

«ድም ነው» አለች እታለም፣ ሳትዞር።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤት ሴትዮ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«የቱ ጋ እማማ?» አለች ልጅቷ፤ ምኑንም አታውቅ።

እታለም ምጣዱን አወረደች። «ድም ተ፣ ድም ተ፣ ድም ተ» አለች፣ በጣም በቀስታ፣ በር ላይ ያለ ሰው እንኳ በማይሰማው ድምፅ። «ሦስቱም ላይ ድም ነው። አንቺ ሁለተኛው ላይ ትሰርቂያለሽ። ማነው ያስተማረሽ?»

ልጅቷ ወደኔ ጠቆመች። እታለም ዞራ አየችኝ። በ1964 ቢሆን ኖሮ ጆሮዬን ትይዘኝ ነበር።

ሦስት ምሽት ቆየን። በሁለተኛው ምሽት ሁለት የሰፈር ልጆች «ቡና እናፍላ» ብለው መጡ፤ ቡና ማፍላት አልነበረም ያመጣቸው። በሦስተኛው ስድስት ሆኑ። ጎረቤት ሴትዮዋ አዲሱን ከበሮ ይዘው ገቡና ምንም ሳይሉ እታለም አጠገብ አስቀመጡት። እታለም እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተች። ቁርጥማት ያጣመማቸው እጆች ናቸው፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም።

«እጄ ሐዘን ላይ ነው» አለች። «እናንተ ያዙት። እኔ እነግራችኋለሁ።»

በአፏ ነገረቻቸው። ስትናገር ከከበሮው ቀድማ አይደለም፣ ዘግይታም አይደለም፤ ትክክል ላይ። አንዷ ልጅ ስትፈጥን ቆም አለችና «ትቸኩያለሽ» አለቻት። የደጋሚው ነገር ትዝ ብሏት እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ግን ማቋረጥ አልሆነልኝም።

አሁን ነገሩ በስልክ ቀጥሏል። የልጅ ልጄ በቴሌግራም በአፏ ቀድታ ትልካለች፤ የጎረቤት ልጅ ለእታለም ታስደምጣታለች፣ መልሱንም ቀድታ ትልካለች። ኔትወርክ ሲጠፋ ሳምንት ይቆያል። ትናንት የደረሰን መልስ አጭር ነው። መጀመሪያ ዶሮ ይጮሃል፤ ከዚያ የእታለም ድምፅ፣ «ሰማሁት ልጄ። የመጨረሻው ተክ አልተሰማም። ምላስሽን ወደ ጥርስሽ አስጠግተሽ እንደገና በይው።»

ልጅቷ አሁን መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። እዚያ ድምፁ ያምራል ትላለች።